የተቀበሩ መስመሮችን ማፈላለግ በጎጃም ከተሞች

የተቀበሩ መስመሮችን ማፈላለግ፣ መሬት ከመቆፈሩ በፊት ከሥር ያለፈውን የውሃ ቧንቧ፣ የመብራትና የስልክ ኬብል የመለየት ሥራ ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መንገድ ሲሰፋም ሆነ የፎቅ መሠረት ሲወጣ መቅደም ያለበት እሱ ነው።

የተለመደው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሮማግኔቲክ መፈለጊያ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ኬብል በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በአገራችን መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ይህን መስክ መሣሪያው ሲያገኝ ይጮኻል። ኬብሉ ኃይል ካልተሸከመ ዝም ይላል። ስለዚህ ቀን ቀን የሚጠፋውን የመንገድ መብራት ኬብል በቀን ፈትሾ «ምንም የለም» ማለት ሰው ያስገድላል። የብረት ቧንቧ ሲሆን ምልክት ሰጪው፣ ማለትም መፈለጊያው የሚያዳምጠውን ምልክት የሚልከው ክፍል፣ ከቧንቧው ጋር ይታሰራል። ፕላስቲክ ቧንቧና ብረት የሌለበት ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ግን፣ ሲቀበሩ ሽቦ አብሮ ካልተዘረጋ፣ በዚህ መሣሪያ አይገኙም።

ለእነዚህ የሚመከረው የመሬት ራዳር ነው፤ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን በስክሪን ያሳያል፤ ጎጃም ላይ የሚፈትነው አፈሩ ነው። በቢቸና በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ሸክላ የበዛበትና ውሃ የሚይዝ በመሆኑ የራዳሩን ሞገድ ይውጠዋል፤ በክረምት አንድ ሜትር እንኳ ላይዘልቅ ይችላል። በባሕር ዳር ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አለ። የተቀበረ ቋጥኝ በስክሪኑ ላይ ልክ እንደ ቧንቧ ቅስት ሠርቶ ይታያል። መለያው ቀላል ነው፦ ራዳሩን ጥቂት ሜትር ፈቅ አድርጎ በትይዩ መጎተት። ቧንቧ ከሆነ ቅስቱ ይደገማል፤ ድንጋይ ከሆነ ይጠፋል።

እርግጡን የሚነግረው በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ የተገመተውን መስመር አቋርጦ በአካፋ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ ዲጂኖ በኃይል ከተሰነዘረ ኬብል ይበሳል። በዋልካ መሃል አሸዋ ብቅ ካለ ቆፋሪው ወዲያው ይቁም፤ ያን አሸዋ ለቧንቧ ወይም ለኬብል ምንጣፍ ብሎ ያመጣው ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት የከተማውን የውሃ አገልግሎት ነባር ቧንቧ ሠራተኛ ቦታው ድረስ ጠርቶ ማነጋገር ይገባል፤ በካርታ ያልሰፈረ ብዙ ቧንቧ የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው ብዬ አምናለሁ። የተገኘው መስመር ጥልቀቱና ከአጥር ማዕዘን ወይም ከምሰሶ ያለው ርቀት የሚለካው ጉድጓዱ ገና ክፍት ሳለ ነው።