ኮሶ ምንድን ነው?

«እንደ ኮሶ መረረኝ» የማይል የለም። ኮሶን ቀምሶ የሚያውቅ ግን ዛሬ ብዙ አይገኝም።

በአማርኛ ኮሶ ሦስት ነገር ነው። ዛፉ ኮሶ ይባላል። ከአበባው የሚዘጋጀው መድኃኒትም ኮሶ ነው። መድኃኒቱ የሚያወጣው ትል፣ እሱም ኮሶ ነው። «ኮሶ ታየኝ፤ ነገ ኮሶ እጠጣለሁ» ቢባል የደጋ ሰው ግር አይለውም።

ዛፉ ደጋ ይወዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ፣ በስሜን ተራሮች፣ በባሌም ዲንሾ አካባቢ ይገኛል። በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ነው።

አበባው ይደርቅና ይወቀጣል፤ ከዚያ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል። ብዙ ከቆየ ኃይሉ ስለሚደክም የዘንድሮው ከአምናው ይመረጣል። የሚጠጣው ጠዋት በባዶ ሆድ ነው። አያቴ እንደሚነግሩን አፍንጫቸውን ይዘው በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨልጡት። መሀል ላይ ከተነፈሱ ሁለተኛው ጉንጭ እሺ አይልም። ከዚያ ቤት መዋል ነው። እንግዳ ከመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ ማንም አይቀየምም። ኮሶው ሲወርድ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ራሱ ወጥቷል?» ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የትሉ ራስ፣ ማለትም ጭንቅላቱ፣ አንጀት ውስጥ ከቀረ እንደገና ያድጋል።

እኔን የሚገርመኝ ቀጠሮው ነው። ድሮ ኮሶ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር። ትሉ የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ አንጀት ውስጥ አድጎ ለመብሰል ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። ብዙ ሜትር ይረዝማል። አያቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ሰውነታቸውን አይተው ጊዜውን ደርሰውበታል።

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው አውሮፓ ድረስ ሄዶ በመድኃኒት ቤት ተሸጧል። እዚህ አገር ቤት ግን አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። እናታቸው ቢቸግራቸው ኮሶ ሸጠዋል ይባላል። ይህን ስሰማ ሁሌም ይከፋኛል። ጌታም ሎሌም የሚጠጣውን መድኃኒት ገበያ አውጥቶ መሸጥ በምን ያሳፍራል?

ኮሶ ቀልድ እንዳልሆነ ግን ልንገራችሁ። መጠኑ ካለፈ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ዓይን ይጎዳል፤ የገደለበትም ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ጨርሶ አትጠጣውም። ልኩን የሚያውቁት መጥነው የሚሰጡት አዋቂዎች ነበሩ፤ ልኩ ደግሞ በእጅና በዓይን እንጂ በወረቀት አልተያዘም። ስለዚህ እናንተ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ኮሶ ከታያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ክኒን አለው።

ዛፉስ? እንጨቱ ቀይና ለዕቃ የሚፈለግ ስለሆነ በየቦታው ተቆርጧል። ባሌ ግን ዛሬም የንብ ቀፎ ይሰቀልበታል። በዚያ ካለፋችሁ ቀና ብላችሁ እዩት። ዘለላው ቀላ ካለ ሴቴዋ ናት፤ አያቴ አፍንጫቸውን ይዘው የጨለጡት የእሷን ነው።