የቆዩ ፒክአፕ መኪኖችን የሞዴል ዓመትና የፋብሪካ ሞተር መለየት

አንድ የቆየ ፒክአፕ የየትኛው ዓመት ሞዴል እንደሆነና ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ሞተር ይዞ እንደነበረ መለየት፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ገዢዎች፣ አዳሾችና መካኒኮች በብዙ ዓመታት ልምድ ያዳበሩት የምርመራ ሥራ ነው። ሥራው ከቤት መኪና ይልቅ በፒክአፕ ላይ ይከብዳል። ፒክአፕ ለእርሻ፣ ለግንባታና ለጭነት የተሠራ በመሆኑ፣ ሞተሩ ሲደክም ባለቤቱ ከሌላ መኪና የወረደ ሞተር ገጥሞ ሥራውን ይቀጥላል፤ በሩ ሲጨማደድ የሌላ ዓመት በር ይሰቅላል፤ የጭነት ሳጥኑ ሲበሰብስ ካገኘው ይተካል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሰሌዳ የሚንቀሳቀሰው መኪና ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት መኪኖች የተገጣጠመ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ከ1947 እስከ 1972 የተሠሩትን የሼቭሮሌና የፎርድ ፒክአፖች ይመለከታል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ መጥራት ያለበት «ዓመት» የሚለው ቃል ነው። የሞዴል ዓመት መኪናው ከተሠራበት ዓመት ጋር የግድ አንድ አይደለም፤ በአሜሪካ አዲስ ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ በቀደመው ዓመት መጸው ስለሚወጣ፣ በ1950 መጨረሻ የተሠራ መኪና የ1951 ሞዴል ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች በባለቤትነት ወረቀት ላይ ይጽፉ የነበረው መኪናው የተሸጠበትን ዓመት ስለነበር፣ በሻጩ ግቢ ወራት የቆየ ፒክአፕ በወረቀት አንድ ዓመት ወጣት ሆኖ ይገኛል። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ መኪናው የሚመዘገበው በሞተር ቁጥሩ ነበር፤ ያ ሞተር ከወጣ ወረቀቱና መኪናው የሚገናኙበት ነገር አይኖርም። ወረቀት የምርመራው መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው አካሉ ነው። ሼቭሮሌ በ1947 አጋማሽ ያወጣውና እስከ 1955 መጀመሪያ ያመረተው ፒክአፕ ከሩቅ ሲታይ ዓመት ከዓመት የማይለይ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ዓመቱን በየቦታው ይናገራል። የነዳጅ መሙያው በጭነት ሳጥኑ ቀኝ ጎን ከሆነ መኪናው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው፤ በ1949 ታንኩ ወደ ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተዛውሯል። በኮፈኑ ጎን ያለው ጽሑፍም ይረዳል። በ1947 እና በ1948 ከሼቭሮሌ ስም ሥር «ትሪፍትማስተር» የሚል ይነበባል፤ ከ1949 እስከ 1952 በዚያ ቦታ ለግማሽ ቶኑ (ግማሽ ቶን ገደማ ለሚጭነው ቀላሉ ፒክአፕ) 3100 የሚል ቁጥር ገባ፤ በ1953 ስሙ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ ቆየ። በበሩ መስታወት ፊት ያለችው ትንሽ ተከፋች መስታወት የመጣችው በ1951 ነው። ወደ ታች የሚጠመዘዘው የበር እጀታ በ1952 በአውራ ጣት በሚጫን ተተካ። በ1954 ደግሞ ለሁለት የተከፈለው የፊት መስታወት አንድ ወጥ ሆነ፤ ግሪሉም ፈጽሞ ተቀየረ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ ግን አያዋጣም፤ በሮች፣ ኮፈኖችና የጭነት ሳጥኖች ከዓመት ዓመት የሚገጣጠሙ ስለሆኑ ምልክቶቹ ተደምረው አንድ ዓመት ማመልከት አለባቸው። የ1951 መስታወት ያለው በር በ1949 ጋቢና ላይ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለት ዓመታት ለብቻቸው መጠቀስ አለባቸው። በ1947 መጀመሪያ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተነደፈው አሮጌ ቅርጽ ገና ይመረት ነበር፤ በ1955ም እስከ ማርች ድረስ የቀደመው ቅርጽ ከቀጠለ በኋላ፣ ዙሪያውን የሚታጠፍ የፊት መስታወት ያለውና በምርጫ የቪ8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ) ሞተር የሚገጠምለት ፍጹም አዲስ ፒክአፕ ወጣ። «የ1955 ሼቭሮሌ» ብሎ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው የትኛውን እንደሆነ ካልገለጸ የማይገጥም ዕቃ ሊደርሰው ይችላል።

በሾፌሩ በር ማጠፊያ ምሰሶ ላይ ያለችው የመለያ ሳህን ይህን ሁሉ ታሳጥራለች። እስከ 1952 ባሉት ሳህኖች ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ፋብሪካውን ያሳያል፤ ለምሳሌ 5 ካንሳስ ሲቲ ነው። ቀጥሎ ያለው የላቲን ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይነግራል። ለ1947 ኢ፣ ለ1948 ኤፍ፣ ለ1949 ጂ፣ ለ1950 ኤች፣ ከዚያ አይ ተዘልሎ ለ1951 ጄ፣ ለ1952 ኬ ነው። ከእርሱ በኋላ ፒ የሚለው ፊደል ግማሽ ቶኑን ያመለክታል፤ የሚከተለው ፊደል ደግሞ ወሩ ነው፣ ኤ ማለት ጃንዋሪ። ከ1953 ጀምሮ የዓመቱ ሁለት አኃዞች በግልጽ ተጽፈዋል። ሳህኗ ግን የምትመሰክረው ለጋቢናው ነው። ጋቢናው ከሌላ ሻንሲ ላይ የመጣ ከሆነ ዓመቱም አብሮት መጥቷል።

ስለ ሞተሩ የሚነሳው ጥያቄ ከዓመቱ ይልቅ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እስከ 1953 በግማሽ ቶኑ ሼቭሮሌ ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ሞተር 216 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 3.5 ሊትር ገደማ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። የዚህ ሞተር የፒስቶን ዘንግ ኩሽኔታዎች በዘንጉ ላይ ቀልጠው የፈሰሱ ሲሆኑ፣ ዘይት የሚያገኙትም በግፊት ሳይሆን በዘንጉ ጫፍ ያለች ማንኪያ ከሥር እየጨለፈች ነው። በ1954 የገባው 235 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ግን የሚለወጥ ኩሽኔታና ሙሉ የዘይት ግፊት ነበረው። በረጅም ጉዞና በፍጥነት የሚሻለው ይህ ስለሆነ፣ ባለቤቶች በብዛት 216ቱን አውጥተው 235ቱን ገጥመዋል፤ በመኪናው ዕድሜ ላይ መልካም አደረጉ እንጂ በደል አልፈጸሙም። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም፤ በጎኑ ያለው የብረት ክዳን ካንዴላዎቹን አልፎ እስከ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ክፍል) አናት ከወጣ የድሮው ነው፤ ከቴስታታው ሥር ከቆመ ባለ ሙሉ ግፊቱ ነው። በተመሳሳይ አካል የሚሸጠው የሼቭሮሌ እህት ምልክት ጂኤምሲ ደግሞ በአሜሪካ የራሱን 228 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ይይዝ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ጂኤምሲ ላይ የሼቭሮሌ ሞተር ከተገኘ፣ ሞተሩ በኋላ የገባ ነው።

ከዚህ አልፎ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ሦስት ዓይነት ጽሑፎችን ይፈልጋል። አንደኛው ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰው የቅርጽ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የፈሰሰበት ቀን ነው፤ በሼቭሮሌ ፊደሉ ወሩን፣ ቁጥሩ ቀኑን፣ የመጨረሻው አኃዝ ዓመቱን ያሳያል፣ ስለዚህ «ሲ 15 4» ማለት ማርች 15 ሲሆን ዓመቱ በ4 የሚያልቅ ነው፤ 1954 ይሁን 1964 የሚለየው በቅርጽ ቁጥሩ ነው። ሦስተኛው ሞተሩ ከተገጣጠመ በኋላ በመዶሻ የተመታው ቁጥር ነው፤ በባለ ስድስት ሲሊንደሩ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ፣ በትንሹ ቪ8 ደግሞ በቀኙ ቴስታታ ፊት ባለች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይገኛል። የቅርጽ ቁጥር ብቻውን የሞተሩን መጠን አይወስንም፤ በ010 የሚያልቀው ታዋቂ ሞኖብሎክ በተለያየ የሞተር መጠን ላይ ውሏል። ፍርዱን የሚሰጠው የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ብረቱ መጀመሪያ ይፈሳል፣ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ በመጨረሻ መኪናው ይሠራል፤ መኪናው ከተሠራ በኋላ የፈሰሰ ሞኖብሎክ የዚያ መኪና የመጀመሪያ ሞተር ሊሆን አይችልም። በተቃራኒው፣ ቁጥር የሌለበት ጠፍጣፋ ቦታ ሁልጊዜ የማጭበርበር ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሞኖብሎኩ ሲላግ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል፣ ለምትክ የተሸጡ ሞኖብሎኮችም ነበሩ።

ከ1967 እስከ 1972 ላሉት ሼቭሮሌዎች ምርመራው ይቀላል። በመለያ ቁጥሩ ውስጥ ሲ በኋላ እግር ብቻ የሚነዳውን፣ ኬ በአራቱም እግር የሚነዳውን፣ ኤስ ባለ ስድስቱን፣ ኢ ቪ8ቱን ያመለክታሉ። የጎን መብራቶች በ1968 መጡ፣ የፊት ዲስክ ፍሬን በ1971። በዳሽቦርዱ መሳቢያ ክዳን ውስጥ የተለጠፈ የዕቃ ዝርዝር ወረቀት ከተረፈ ደግሞ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ተጨማሪ ዕቃ በሙሉ በኮድ ተጽፎ ይገኝበታል።

ፎርድ ሌላ ልማድ ነበረው። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ በነበሩት ጠፍጣፋ ቴስታታ ቪ8 ሞተሮች ላይ መለያው የሚመታው በሻንሲውና በካምቢዮው በኩል ባለው የፍሪሲዮን ቤት ላይ እንጂ በሞኖብሎኩ ላይ አልነበረም፤ በእነዚህ ላይ «የሞተር ቁጥሩ ከሻንሲው ይገጥማል» የሚል ሻጭ ያነበበው የፍሪሲዮን ቤቱን ነው። ከ1967 እስከ 1972 ባሉት ኤፍ-100 በተባሉት የፎርድ ግማሽ ቶን ፒክአፖች የመለያ ሳህኑ በሾፌሩ በር ላይ ተጣብቋል፤ በር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚለወጥ ዕቃ ነው፣ ስለዚህ በቀኙ የሻንሲ ብረት ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ሳያመሳክሩ ማመን ስህተት ነው። በመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ካለው ኤፍ10 ቀጥሎ ያለው ፊደል ሞተሩን ያሳያል። ዋይ ከሆነ 360 (በ1967 ግን 352)፣ ኤች ከሆነ 390፣ ኤ ከሆነ 240፣ ቢ ከሆነ 300 ኪዩቢክ ኢንች ነው።

360 እና 390 ከውጭ አንድ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ሞኖብሎክ ፊት ላይ 352 የሚል ቁጥር መፍሰሱ ደግሞ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። አስተማማኙ ዘዴ መለካት ነው። አንድ ካንዴላ ይፈታል፣ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ በቀዳዳው ገብቶ ፒስቶኑ ላይ ያርፋል፣ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር ዘንጉ ከታችኛው እስከ ላይኛው ጫፍ የተጓዘው ርቀት ይለካል። 3.50 ኢንች፣ ማለትም 88.9 ሚሊሜትር ከሆነ 360 ነው፤ 3.78 ኢንች፣ 96 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ 390 ነው። ቀዳዳው ያጋደለ ከሆነ ዘንጉም ስለሚያጋድል ንባቡ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሰባት ሚሊሜትር ልዩነት ግን ሊሳት የሚችል አይደለም።

በኢትዮጵያ መንገዶች የሚታወቁት የቆዩ ቶዮታዎች የተለየ ሥርዓት አላቸው። የሞተሩ ቤተሰብ በሞዴሉ ስም መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኤፍጄ45 ፒክአፕ ከባለ ቤንዚኑ ኤፍ ቤተሰብ፣ ኤችጄ45 ከናፍጣው ኤች ቤተሰብ፣ ሃይሉክስ ኤልኤን ከናፍጣው ኤል ቤተሰብ፣ አርኤን ከቤንዚኑ አር ቤተሰብ ነው። ኤፍጄ45 ሻንሲ ላይ የናፍጣ ሞተር ከተገኘ ተለውጧል ማለት ነው። በእነዚህ የቆዩ ሻንሲዎች ቁጥር ውስጥ ዓመቱ አልተጻፈም፤ የሚታወቀው ተከታታይ ቁጥሩ በየትኛው የምርት ዘመን ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ በማመሳከር ነው። በአሜሪካ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በተደነገገው ባለ 17 ምልክት መለያ ዓመቱ በአሥረኛው ቦታ ስለሚገኝ ይህ ማመሳከር አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ሊብሬው የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ስለሚይዝ፣ ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ ሁለቱን ቁጥሮች በዓይኑ አንብቦ ከሊብሬው ጋር ሲያመሳክር፣ ሊብሬው ከተጻፈ ወዲህ ሞተሩ ተለውጦ እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በፊት የተለወጠውን ግን ሊያሳየው የሚችለው በሞዴሉ ስም ፊት ያለው ፊደል ነው።