ዜርማት፦ በማተርሆርን ግርጌ ምግብ ቤት መምረጥና ጠረጴዛ ማስያዝ

ዜርማት በደቡብ ስዊዘርላንድ፣ በቫሌ ካንቶን (ክልል)፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የተራራ ከተማ ናት። ቋሚ ነዋሪዎቿ ስድስት ሺህ ገደማ ሲሆኑ ምግብ ቤቶቿ ግን ከመቶ ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ ማዕድ የሚያኖሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከአናቷ በላይ ብቻውን የቆመው 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው ማተርሆርን፣ እና ከጣሊያኗ ቼርቪኒያ ጋር ተያይዞ 360 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው የበረዶ ሸርተቴ መስመር። ከአልፕስ ውድ መዝናኛዎች አንዷ ናት፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ጠረጴዛ አያስገኝም። በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ በየካቲቱ የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ወይም በፋሲካ ሳምንት ሳያስይዝ የመጣ እንግዳ ኪሱ ምንም ያህል ቢሞላ በር ላይ ይመለሳል።

በዜርማት ትልቁ ማዕድ ምሳ ነው፤ የሚበላውም ተራራው ላይ ነው። ታዋቂዎቹ ምግብ ቤቶች በኬብል መኪና ጣቢያዎች አጠገብና በሸርተቴ መስመሮቹ ዳር ተበትነዋል። ስለዚህ ምሳውን የመረጠ ሰው ጠዋቱን በየትኛው ተራራ ላይ እንደሚያሳልፍም አብሮ መርጧል። ብዙው ጎብኚ ግን ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። ለእራት ባለ ኮከብ ምግብ ቤት ከወራት በፊት ያስይዝና ምሳውን እግሩ ባደረሰው ራስን ማስተናገጃ ቤት፣ በፕላስቲክ ትሪ ላይ ይበላል። እራት ለንደንም ዙሪክም አለ። ከበረዶ ላይ ወርዶ፣ ጫማውን ፈትቶ፣ ማተርሆርንን እያዩ መብላት ግን ሌላ ቦታ አይገኝም፤ መጀመሪያ ሊያዝ የሚገባውም እሱ ነው።

ፊንደልን

ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ፣ ፊንደልን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤቶቿ ፀሐይና ጊዜ ካጠቆሩት የላርች እንጨት የተሠሩ ናቸው። የእህል ጎተራዎቹ ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ በተደፋባቸው እግሮች ላይ ቆመዋል፤ ድንጋዩ አይጥ ወደ እህሉ እንዳይወጣ የሚከለክል የጥንት ብልሃት ነው። በበጋ ከብት ይግጥባት የነበረችው ይህች መንደር ዛሬ ከአልፕስ እጅግ ተፈላጊ ከሆኑት የምሳ ቦታዎች አንዷ ሆናለች። በስም ከሚታወቁት ሼ ቭሮኒ በዕድሜ አንጋፋ የሆነ የቤተሰብ ምግብ ቤት ነው። ከራሱ የተራራ ግጦሽ የሚያገኘውን ሥጋ አድርቆ፣ ቋሊማ አድርጎ፣ አይብም አዘጋጅቶ ያቀርባል። ፊንድለርሆፍ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ አድለር ሂታና ፓራዲስም በዚያው ተዳፋት ላይ ናቸው። በአራቱ መካከል የሚደረገው ክርክር ከጣዕም ይልቅ የልማድ ጉዳይ ነው። ሁሉም በረንዳ አላቸው፣ ሁሉም ተራራውን ያያሉ፣ እና አንዱ ሲሞላ ሌላውን መጠየቅ አያስቆጭም።

ወደ ፊንደልን የሚያደርሰው መንገድ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው፣ በገመድ እየተሳበ በዋሻ ውስጥ የሚወጣው ባቡር ከከተማው ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ 2,288 ሜትር ላይ ወዳለው ሱኔጋ ያደርሳል። ከዚያ ተንሸራታቹ በሸርተቴው ይወርዳል። መንሸራተት የማይችል ሰውም አይቀርበትም፤ ለእግረኛ የተጠረገ የበረዶ መንገድ አለ፣ ቁልቁለቱም ሩቅ አይደለም። የሚከብደው ከምሳ በኋላ ያለው ዳገት ነው፤ ሆድ ሞልቶ፣ በበረዶ ላይ፣ ሽቅብ። ከፍታውን ግን ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው መፍራት የለበትም። ዜርማት ከአዲስ አበባ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ የፊንደልን በረንዳዎችም ቢሆኑ ከመርካቶ በታች ናቸው።

በእነዚህ ቤቶች ምሳ በሚበዛበት ሰሞን በዙር ማስተናገድ የተለመደ ነው። አንደኛው ዙር እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ይከተላል። የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ በወሩ ይወሰናል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ቶሎ ከተራራው ጀርባ ስለምትገባ በረንዳ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ዙር ይያዝ። በመጋቢት ቀኑ ረዝሞ ሙቀት ስለሚኖር ሁለተኛው ዙር ይመረጣል፤ የሚያስነሣ ስለሌለ ቡናው እስኪያልቅ ይቆዩበታል። ሲያስይዙ በረንዳ ወይስ ውስጥ የሚለውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ዝም ካሉ የደረሰዎትን ይሰጡዎታል፤ ማዕዘን ላይ ባለ መስኮት አልባ ጠረጴዛ ተቀምጦ ስለ ማተርሆርን ማውራት ደግሞ ትርፉ ብስጭት ነው።

በማተርሆርን በኩል፣ በጎርነርግራት በኩል

በምዕራቡ ወገን፣ ከፉሪ የኬብል መኪና ጣቢያ በታች ጹም ዜ የምትባል ሌላ ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር አለች። በስሟ የሚጠራው ምግብ ቤት በቤት በሚሠራ ፓስታውና በክሬም በተሞላ ንብርብር ኬኩ ይታወቃል። ወደ ከተማው በሚወርደው መስመር ላይ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ መድረስ ለሚወድ ትመቻለች።

ጎርነርግራት ባቡር እ.ኤ.አ. በ1898 ሥራ የጀመረ የጥርስ ሐዲድ ባቡር ሲሆን 3,089 ሜትር ድረስ ይወጣል። ጫፉ ላይ ካለው የድንጋይ ሆቴል የሚታየው የበረዶ ግግር ድንቅ ነው፤ በእኩለ ቀን የሚጎርፈው ጎብኚ ግን ቦታውን የጣቢያ ግርግር ያደርገዋል። በዚሁ መስመር በ2,222 ሜትር ላይ ያለው ባለ አምስት ኮከቡ ሪፍልአልፕ ሆቴል የተረጋጋ ነው፣ በባቡር ስለሚደረስበትም ሸርተቴ ለማያውቁ አዛውንትና ሕፃናት ለያዘ ቤተሰብ ይስማማል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጣሊያን ላይ ነው። በሸርተቴ ድንበር ተሻግሮ ቼርቪኒያ ላይ ፓስታ መብላት፣ ርካሽና ግሩም ቡና መጠጣት ከዜርማት ደስታዎች አንዱ ነው፤ ሒሳቡም ከስዊዙ በግልጽ ያነሰ ነው። ነገር ግን ሁለቱንም አገር የሚሸፍን ትኬት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ነፋስ አለ። በድንበሩ ላይ ያለው ማለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋስ ሲበረታ ኬብሎቹ ይቆማሉ፤ በጣሊያን በኩል የቀረ ሰው በመኪና ተራራውን ዞሮ ለመመለስ ብዙ ሰዓትና ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ለቼርቪኒያ ምሳ ጠረጴዛ ያስያዘ ሰው ጠዋት የአየር ትንበያውን አይቶ ከመነሣቱ በፊት መወሰን፣ ከምሳም ቀደም ብሎ መነሣት አለበት።

የመመለሻ ሰዓት በስዊዙ በኩልም ቀልድ አይደለም። በጥር የመጨረሻዎቹ ኬብሎች የሚቆሙት ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። መስመሮቹ ከተዘጉ በኋላ በረዶውን የሚደለድሉ ከባድ ማሽኖች ይሠማራሉ። በቀጥ ያሉ ተዳፋቶች ላይ ማሽኑን የሚይዘው የብረት ገመድ በድንግዝግዝ ፈጽሞ አይታይም፣ ይገድላልም። ወይን ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ «አንድ ተጨማሪ» ማለት የሚያምረው መመለሻውን ላረጋገጠ ብቻ ነው።

እራት በከተማው

ከተማዋ ውስጥ ነዳጅ የሚያቃጥል መኪና አይገባም። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ቴሽ በምትባለው መንደር አቁሞ በባቡር 12 ደቂቃ ያህል ይጓዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጓጓዣ እግር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ታክሲ ወይም የፈረስ ጋሪ ነው። የምግብ ዕቃውም በአብዛኛው በሐዲድ ስለሚመጣ የአንድ ሰላጣ ዋጋ ለምን እንደሚያስደነግጥ በከፊል ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ጥር 2018 በረዶ ናዳ መንገዱንና ሐዲዱን ሲዘጋ 13,000 ያህል ጎብኚዎች ከተማዋ ውስጥ ተቆልፈው ነበር።

የእራት ምርጫ የሚጀምረው ሆቴል በሚያዝበት ቀን ነው። ብዙዎቹ ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች ቁርስና ባለ ብዙ ኮርስ እራትን ከመኝታው ጋር አዳብለው ይሸጣሉ። ዋጋው ሲሰላ አዋጪ ይመስላል፤ ሆኖም እንግዳው በየምሽቱ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይታሰራል፣ ወጥቶ ቢበላ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በምሳ ለሚጠግብ ሰው መኝታና ቁርስ ብቻ መግዛቱ ይሻላል። አንዳንድ ሆቴሎች በእህት ሆቴሎቻቸው መብላት ስለሚፈቅዱ ይህን ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።

ከከተማው ቤቶች ሞንቴ ሮዛ ሆቴል ታሪክ አለው። ኢድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1865 ማተርሆርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ያረፉት እዚያ ነበር፤ ከሰባቱ ሲወርዱ አራቱ ሞቱ። በሆቴሉ ውስጥ ያለው ዊምፐር ሽቱበ በፎንዱ፣ ማለትም ዳቦ እየተነከረበት በሚበላው የቀለጠ አይብ ይታወቃል። ጁለን ሆቴል ያለው ሼፈርሽቱበ ቤተሰቡ ከሚያረባቸው በጎች የሚያቀርበው ጥቦት ሥጋ ያስመሰግነዋል፤ በግ የሚወድ አበሻ ቢገባበት አይጸጸትም። በሚሼሊን፣ ማለትም በታዋቂው የምግብ ቤቶች መመሪያ፣ ኮከብ የተሸለሙት ቤቶች በአብዛኛው ሆቴሎች ውስጥ ያሉ፣ ጥቂት ጠረጴዛ ያላቸው፣ ቋሚ ሜኑ የሚያቀርቡ ናቸው። ኮከቡ በየዓመቱ ስለሚታይ የአምና ዝናን ተማምኖ መክፈል አያዋጣም።

ሜኑው ላይ ያለው

የቫሌ ምግብ የከብት አርቢ ምግብ ነው። ራክሌት የካንቶኑ ኩራት ነው፤ አይቡ በእሳት ፊት ሲቀልጥ እየተፋቀ ከተቀቀለ ድንች፣ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፉ ትንንሽ ኪያርና ሽንኩርት ጋር ይቀርባል። ፎንዱ የሚቀልጠው በነጭ ወይን ሲሆን ኪርሽ የሚባል የቼሪ አረቄም ይጨመርበታል። ሮሽቲ ተፍቆ የተጠበሰ ድንች ነው፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋና እንቁላል ይከተለዋል። ከመጠጡ ፎንዳን የሚባለው ነጭ ወይን ከአይብ ጋር የሚስማማ የአካባቢው ምርት ሲሆን ሃይዳ ደግሞ በአቅራቢያው ከቪስፐርተርሚነን ከፍተኛ የወይን ማሳዎች ይመጣል።

ይህ ዝርዝር ለኢትዮጵያውያን እንግዶች ትርጉሙ ቀላል አይደለም። የበረዶው ወቅት ዋና ሳምንታት ከጾመ ነቢያት ጋር፣ ቀጥሎም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማሉ። የሚጾም ሰው ሲያስይዝ «ቪጋን» የሚለውን ቃል መጠቀም ይቀለዋል፤ አስተናጋጁ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማይፈለግ ወዲያው ይረዳል። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ያለ ሰው ግን ቅቤ የጠገበ ሾርባ ይቀርብለታል። ሙስሊም እንግዳ ደግሞ ፎንዱ በወይን እንደሚሠራና ሮሽቲው አሳማ ሊኖርበት እንደሚችል አውቆ መጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሳይሆን በማስያዣው ጊዜ ቢቀርብ ወጥ ቤቱ ይዘጋጅበታል፤ ትንንሾቹ የተራራ ቤቶች የሚያበስሉት ጠዋት የወጣላቸውን ዕቃ ነውና።

ማስያዙ

አብዛኞቹ ቤቶች በድረ ገጻቸው ወይም በስልክ ያስይዛሉ። ድረ ገጹ «ሞልቷል» ሲል መደወል ይጠቅማል፤ ለስልክ የሚያስቀሩት ጠረጴዛ አለ፣ የተሰረዘም ይገኛል። በጠዋት መደወል ከምሳ ግርግር ያድናል። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሠራተኞችም ከምግብ ቤቶቹ ጋር ስለሚተዋወቁ ቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ነውር የለውም። ውድ የእራት ቤቶች የባንክ ካርድ ቁጥር ይይዛሉ፤ ሳይሰርዝ የቀረ ሰው ላይ በነፍስ ወከፍ ያስከፍላሉ። ሰዓትን በተመለከተ የስዊዝ ትዕግሥት አጭር ነው። ሩብ ሰዓት መዘግየት የሚመስል ከሆነ መደወል ግድ ነው፣ አለበለዚያ ጠረጴዛው ለሌላ ይሰጣል።

ከሒሳቡ ጋር የሚመጣ አንድ መልካም ነገር አለ፤ በስዊዘርላንድ የአገልግሎት ክፍያ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋጋው ውስጥ ተካትቷል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ያለው ሰው ሒሳቡን ወደ ሙሉ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይከፍላል። የቧንቧ ውሃ ግን በነፃ ይመጣል ብሎ መገመት አያስፈልግም።

ልብስን በሚመለከት በምሳ ሰዓት የሸርተቴ ጫማና ልብስ የትም ያስገባል። በምሽት ከተማው ውስጥ ንጹሕ ሱሪና ሹራብ ይበቃል፤ በታላላቆቹ ሆቴሎች የእራት አዳራሽ ኮት መልበስ ሊጠበቅ ይችላል። ከሚያዝያ መጨረሻ በኋላ ከተማዋ ለሳምንታት ታንቀላፋለች፤ በመጸውም በኅዳር ገደማ እንዲሁ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሸርተቴው በበረዶ ግግሩ ላይ ቢቀጥልም የፊንደልን ቤቶች በሮቻቸውን ይዘጋሉ፣ ከተማው ውስጥም ክፍት የሚገኘው ምግብ ቤት ጥቂት ነው።