ዲጂታል ማርኬቲንግ በወሎ አነስተኛ ንግዶች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በወሎ ከተሞች አንድ ሱቅ «ኦንላይን አለን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ማለቱ ነው፦ የቴሌግራም ቻናል፣ የቲክቶክ ወይም የፌስቡክ ገጽ፣ እና ሁልጊዜ የሚነሳ ስልክ። ድረ ገጽ ያለው ጥቂት ነው። የሚያስፈልገውም ጥቂት ነው።

ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው በአማርኛ ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አዲስ አበባን ብቻ እያየ ስለሚጻፍ ነው። መረጃው የተቃረመው ሱቆቹ ራሳቸው ከሚለጥፉት፣ ከአዋጆችና ከቴሌኮም ኩባንያዎች መግለጫ ነው። ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ፣ ስለ ራቅ ያሉት ወረዳዎች ግን ጥቂት የተባለው ለዚህ ነው። ወሎ ሲባል እዚህ የደቡብ ወሎና የሰሜን ወሎ ዞኖችን፣ እንዲሁም ከሚሴን ማዕከሉ ያደረገውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይመለከታል። የቀድሞው ክፍለ ሀገር ከዚህ ይሰፋል። የት ጀምሮ የት ያበቃል የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ከኢንተርኔት በፊት

ማስታወቂያ የገበያ ቀን ሥራ ነበር። ባቲ ሰኞ፣ ላሊበላ ቅዳሜ ሰው ይሰበሰባል፤ ወሬም አብሮ ይሸጣል። በከተማ ደግሞ በእጅ የተሳለ ታፔላ፣ ደጃፍ ላይ የሚጮህ የሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ፣ መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ሰፈር ለሰፈር መዞር ነበር። ደላላው ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ከገባ ከ1989 ዓ.ም. በኋላም ቢሆን የወሎ ነጋዴ ለረጅም ዓመታት ጉዳዬ አላለውም።

የቴሌግራም ሱቅ

ቴሌግራም የቻናል አገልግሎቱን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ለወሎ ንግድ ትልቁን በር የከፈተው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳታ ብዙ አይበላም፣ ፎቶ በብዛት ይቀበላል፣ ደንበኛው ወደ ኋላ ተመልሶ የድሮ ዕቃ ማየት ይችላል። ቲክቶክ ሰው ያመጣል፣ ቴሌግራም ይሸጣል የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ኧረ ቲክቶክ ራሱ ይሸጣል የሚሉም አሉ። ነገሩ እንደ ዕቃው ነው። ለሚለበስ ነገር ቪዲዮ ያሸንፋል፤ ለስልክ መለዋወጫ፣ ለኤሌክትሮኒክስና ለመጽሐፍ ግን የቻናሉ ዝርዝር ይሻላል።

ጥሩ የቻናል ፖስት ምን ይመስላል? የባህል ልብስ ሱቅን እንውሰድ። ፎቶው የሚነሳው ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ፣ ልብሱ ሰው ላይ ሆኖ ነው። ፀሐይ በር ላይ የተሰቀለ ነጭ ቀሚስ በስልክ ካሜራ ሲነሳ ጥለቱ ጠፍቶ አንሶላ ይመስላል። ቀጥሎ አጭር ቪዲዮ ይጨመራል፤ ሻጯ የጥለቱን ጫፍ ገልብጣ ጀርባውን ታሳያለች። ልብስ የሚያውቅ ገዥ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነውና። ከሥሩ መጠን፣ ዋጋ፣ ስልክ፣ አድራሻ ይጻፋል። አድራሻው «ደሴ» ብቻ አይበቃም። «ፒያሳ፣ ከእገሌ ባንክ ፊት ለፊት፣ 1ኛ ፎቅ» መባል አለበት።

ዋጋውን ብዙ ሱቅ ይደብቃል። «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። ለተፎካካሪ ዋጋ ላለማሳየት ነው ይባላል፤ ለመከራከርም ይመቻል። እንደ እኔ ግን ይህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ይሉኝታ ያለበት ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት ይከብደዋል። ስለዚህ ጭራሽ አይጠይቅም፤ ዋጋ የጻፈው ጋ ይሄዳል። ቁርጥ ዋጋ መጻፍ ያልፈለገ ቢያንስ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት ይችላል።

ክፍያው ከተቀየረ ወዲህ ሥራው ፈጥኗል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። የባንኮቹ የሞባይል አገልግሎትም አለ። አብሮ የመጣው ጣጣ የተቀነባበረ ስክሪንሾት ነው። ገንዘብ ሳይልኩ የላኩ የሚያስመስል ምስል ይልካሉ። ነቄ ሱቆች ቻናላቸው አናት ላይ «በስክሪንሾት ዕቃ አንሰጥም» ብለው ይለጥፋሉ። የራሳቸውን ሒሳብ ሳያዩ ንቅንቅ አይሉም።

ዕቃው ደግሞ በሕዝብ ማመላለሻ ይሄዳል። ወልድያ፣ ሐይቅ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ ላለ ደንበኛ ሻጩ ዕቃውን መናኸሪያ ወስዶ ለሾፌር ወይም ለረዳት ይሰጣል። የታርጋውን ፎቶና የሾፌሩን ስልክ ለገዥው ይልካል። ገዥው መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበላል። ይህን አሠራር በቪዲዮ የሚያሳይ ሱቅ፣ ጥቅሉ ሲታሸግና መኪናው ላይ ሲጫን የሚያሳይ ማለት ነው፣ ያለ ብዙ ወሬ እምነት ይገዛል።

መስመሩ የጠፋባቸው ዓመታት

ስለዚህ ዘመን ሰፋ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የወሎን ዲጂታል ንግድ ዛሬ ያለበትን መልክ ያስያዘው እሱ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገባ። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተው በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት ተመለሱ። ሱቆች ተዘረፉ፤ የእኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል ሳይቀሩ ተዘርፈዋል። ሰው ሲመለስ ብዙ ነጋዴ ባዶ መደርደሪያ ነው የጠበቀው። መደርደሪያው ቢራቆትም ስልኩን ይዞ የተሰደደ ነጋዴ ቻናሉና የደንበኞቹ ቁጥር ግን አብረውት ነበሩ።

ከዚያ በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ታገዱ። እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ። እገዳን አልፎ ለመግባት የሚያገለግለው ቪፒኤን ስሙ ገበያ ውስጥ የታወቀው ያኔ ነው። እገዳው በተነሳ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በዋና ዋና ከተሞች ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው በ2016 መጨረሻ ገደማ ነው። የመዘጋቱ ምክንያት ጸጥታ ነው ተብሏል፤ ለነጋዴው ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሱቁ ተቆልፎበታል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሠራው ዘዴ የቆየው ዘዴ ነው። አንደኛው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ስልክ እስከሠራ ድረስ ይሠራል፣ ዳታ አይፈልግም፣ ተራ ስልክ ላለው ገበሬም ይደርሳል። ሁለተኛው ደብተር ነው። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ የሚለብሰው ቁጥር፣ ያለፈው የገዛው ዕቃ ይጻፍበታል። ተከታይ ሁሉ ቲክቶክ ላይ ያለ፣ አንድም ቁጥር በደብተር ያልያዘ ንግድ መስመር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው በ033 የሚጀምረው የቢሮ መደበኛ ስልክ ነው። ወጣቱ ይስቅበታል፤ መጠባበቂያ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ስለዚህ ማንኛውም ፖስት ስልክ ቁጥር በጽሑፍ ቢኖረው ጥሩ ነው። ምስሉ ላይ ብቻ የተጻፈ ቁጥር ተነክቶ አይደወልም። ኔትወርክ ሲደክምም ምስሉ አይከፈትም።

ጾም፣ በዓልና ገበያ ቀን

በወሎ የማስታወቂያ ካላንደር ሁለት ሃይማኖት ይዞ ነው የሚሠራው። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። እንዲህ ያለ ቀን የትም ቦታ ዜና ነው፤ ደሴ ላይ ግን የንግድ ዕቅድም ነው። ልኳንዳ ቤት ይቀዘቅዛል፣ ቴምርና ሳምቡሳ ይደምቃል፣ የጾም ምግብ ያለው ቤት ምሳ ላይ፣ የኢፍጣር ቤት ማታ ላይ ይሞላል። የማስታወቂያው ሰዓትም ይከተላል። የጾም በያይነቱ ፎቶ ረፋድ ላይ፣ የኢፍጣር ዝርዝር ከአስር ሰዓት በኋላ ቢለጠፍ ሰው ያየዋል።

ምግብ ቤት የማን ሥጋ እንደሚያቀርብ በግልጽ መጻፍ አለበት። በታፔላው ላይ ያለው ምልክት ቪዲዮው ውስጥ ካልታየ ኮሜንቱ ሁሉ «የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» በሚል ጥያቄ ይሞላል። የእንኳን አደረሳችሁ ፖስትም እንዲሁ ነው። አንዱን በዓል አክብሮ ሌላውን የዘነጋ ሱቅ አፍ አውጥቶ ባይነገረውም ልብ ይባልበታል። እዚህ አገር ቤተሰብ ራሱ ሁለቱንም ነው።

ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ከተማ በዓሣዋ ትታወቃለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ ሽያጩ ግን በጾም ይጨምራል ይላሉ። ለዓሣ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ማስታወቂያ የዕለቱ ቪዲዮ ነው። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ፣ ገና ሲንቀሳቀስ፣ ቀኑ ተጠርቶ። የትናንቱን ደግሞ መለጠፍ ኪሳራ ነው፤ ሰው ያውቃል።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ለላሊበላ ገና፣ መውሊድ ለጀማ ንጉሥ ሕዝብ ይጎርፋል። መንገድ ዳር ያለ ቁርስ ቤትና ማደሪያ ዋጋውንና ክፍት ቦታውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢያሳውቅ ይጠቀማል። የተማሪ ምረቃ ሲደርስ ፎቶ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱና ሱፍ ልብስ አከራዩ ይጣደፋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችን ለከተማው ያስገኘው ገበያ ብዙ አይነገርለትም። የባቲ ነጋዴ ደግሞ እሁድ ማታ ይለጥፋል። ሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ የሚያይ የለም።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ

በኦንላይን ሽያጭ ደሴ ትቀድማለች። ሱቁም፣ ተማሪውም፣ ቲክቶከሩም የሚበዛው እዚያ ነው። ኮምቦልቻዎች በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ። እነሱም የሚሉት አላቸው፤ ከተማቸው የኢንዱስትሪ ፓርክ (በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ)፣ ደረቅ ወደብና ፋብሪካዎች አሏት። የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀበልበት ሳምንት ለኮስሞቲክስና ለጫማ ሻጭ ትልቅ ሳምንት ነው።

የወሎ ስም

የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ፎቶዎች ወሎን ለዓለም ያስተዋወቁበት መንገድ ይታወቃል። በውጭ ቋንቋ ስለ ወሎ የተጻፈው ብዙው ነገር አሁንም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ያንን ገጽታ እየቀየረ ያለው ትልቅ ዘመቻ አይደለም ብንል አያስዋሽም፤ የባህል ልብስ፣ የማር፣ የቡና ቤትና የፀጉር ሥራ ቪዲዮ ነው።

ሙዚቃውም ያግዛል። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ ቦታ ነው። አራቱም መነሻቸው ወሎ ነው የሚሉ አሉ። ያከራክራል ይባላል፤ ደሴ ላይ ግን የሚከራከር አላጋጠመኝም። ቢዝነስ ሊጠነቀቅ የሚገባው ቲክቶክ ለንግድ አካውንት የሚፈቅደው ሙዚቃ የተወሰነ መሆኑን ነው። የዘፋኝ ሥራ ያለ ፈቃድ ለማስታወቂያ ማዋልም በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ያስጠይቃል። የሰፈሩን መሲንቆ ተጫዋች አስፈቅዶና ከፍሎ አንድ ደቂቃ መቅረጽ ግን ርካሽ ነው፤ ድምፁም የራስ ይሆናል።

ካርታና አስተያየት

በጉግል ካርታ ላይ ንግድን ማስመዝገብ ነፃ ነው። ብዙ የደሴ ሱቅ ግን አልተመዘገበም፤ የተመዘገበውም ያረጀ ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ስሙ ሰው በሚፈልግበት አጻጻፍ ሁሉ ቢገባ ይጠቅማል፤ አንዱ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ» ብሎ ይጽፋልና። በዚህ ረገድ ከወሎ ንግዶች መካከል ቀድመው የነቁት የላሊበላ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ እንግዳው ከሩቅ ስለሚመጣ የሌላ እንግዳ አስተያየት አንብቦ ነው ማደሪያ የሚመርጠው።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ

ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ፣ ማለትም ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ መክፈል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሱቅ ካርድ ባለው አገናኝ በኩል ይከፍላል፤ አገናኙም ትርፉን ይይዛል። እንዲህ የሚከፍል ሁሉ ማስታወቂያው ለማን እንደደረሰ የሚያሳየውን ገጽ መጠየቅ አለበት። ኮምቦልቻ ላለ ጫማ ሱቅ ሐዋሳ ያለ ተመልካች ምን ያደርግለታል? የአካባቢ ቲክቶከር ቀጥሮ ሱቅ ማስጎብኘት ከዚህ ይቀላል። ዋጋው በስምምነት ነው። ተከታዩ ብዙ ከሆነው ይልቅ ኮሜንቱ ላይ የሰፈሩ ሰው የሚበዛበትን መምረጥ ያዋጣል።

ሕጉ

የማስታወቂያ አዋጅ 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 በስልክና በኢንተርኔት የሚደረግን ውል ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጠዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ያ የደንበኞች ደብተር ለሌላ ሰው እንደ ዕቃ እንዳይሸጥ ምክንያት ይሆናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ደግሞ ነጋዴ ዋጋውን ሱቁ ውስጥ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። የቴሌግራም ቻናል እንደ ሱቅ ይቆጠር እንደሆነ ያከራክራል፤ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉት ሱቆች አይቆጠርም ባዮች ናቸው።