ጦርነት ላለፈባቸው ታዳጊዎች የሚሰጥ የቡድን የቁጣ ሕክምና ምንድን ነው?

ጦርነት ያየ ታዳጊ በር ሲላተም ከመቀመጫው ዘሎ ይነሳል፤ ጓደኛው ከኋላው ትከሻውን ቢነካው በቡጢ ይመልሳል። «ባለጌ» ይሉታል። ሰውነቱ ግን አደጋው ያላለፈ ይመስል ገና ዘብ ቆሟል። ቱግ ማለት ከባድ ሰቆቃ ጥሎት ከሚያልፈው የአእምሮ ጭንቀት ከታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው።

የቡድን ሕክምናው ቁጣው ሳይገነፍል መያዝን ያለማምዳል። በዕድሜ የሚቀራረቡ ከ6 እስከ 10 ልጆች በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይገናኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። አወያዮቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ልጅ ተናዶ ሲወጣ አንዱ ይከተለዋል፣ ሌላው ከቀሩት ጋር ይቆያል።

ዋናው መሣሪያ ከ0 እስከ 10 የተከፈለ «የቁጣ ቴርሞሜትር» ነው። «አሁን ስንት ላይ ነህ?» ሲባሉ ብዙዎቹ መጀመሪያ 0 ወይም 10 ነው የሚሉት፤ መሀሉ አይታያቸውም። ስለዚህ አወያዩ ወደ ሰውነታቸው ይመልሳቸዋል፦ ጥርስ መንከስ፣ የጆሮ መጋል፣ የመዳፍ ማላብ። እነዚህ 4 እና 5 ላይ ይመጣሉ፤ ማብረድ የሚቀለውም ያኔ ነው። ደሙ ፈልቶ 8 የደረሰ ልጅ ምክር አይሰማም፤ መውጣት አለበት። ለዚህም አስቀድሞ ምልክት ይስማማሉ፣ ለምሳሌ መዳፍን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት። ያን ያሳየ «ወዴት?» ሳይባል ወጥቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። መመለሱ ከቀረ ልምምዱ ሽሽት ይሆናል።

አተነፋፈሱ ቀላል ነው፦ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 6 ቆጥሮ ማስወጣት። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ማለት ግን አይመከርም፤ ለአንዳንዱ ልጅ ያኔ ነው ያየው ሁሉ የሚመጣበት። ወለሉ ላይ አንድ ነጥብ እያዩ ቢተነፍሱ ይሻላል። ደግሞ ሳይናደዱ ረጋ ባሉበት ጊዜ በየቀኑ ካልተለማመዱት በንዴት ሰዓት አይታወሳቸውም።

ትራስ እየደበደቡ «ይውጣላችሁ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቁጣን ያባብሳል እንጂ አያበርድም። ሌላው ስህተት የጦርነቱን ዝርዝር በቡድኑ ፊት ማስተረክ ነው፤ የአንዱ ትዝታ የሌላውን ቁስል ይቀሰቅሳል፣ ስለዚህ ለብቻ ለሚደረግ ሕክምና ይቆያል። እዚህ የተባለ እዚህ እንደሚቀር፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ያሰበ ከሆነ ግን ለሚመለከተው እንደሚነገር በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገራቸዋል።

ለውጡ ሲጀምር ጠቡ ወዲያው አይቆምም። ልጁ ግን ጠረጴዛው ላይ መዳፉን ዘርግቶ «5 ገብቻለሁ» ማለት ይጀምራል።