ዎልፍ ጊንዶን እና የሞንቴቬርዴ ጫካ

ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ በቲላራን ተራሮች ላይ፣ ሞንቴቬርዴ የሚባል መንደር አለ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው ወፍና ደን ለማየት ይጎርፍበታል። መንደሩን በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቆረቆሩት ከአሜሪካ፣ ከአላባማ የመጡ የኩዌከር እምነት ተከታዮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዊልፎርድ ጊንዶን ነው። ሰው ሁሉ ዎልፍ እያለ ነበር የሚጠራው። ስለ ሞንቴቬርዴ ሲወራ ሁልጊዜ ደኑ ይነሳል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሰውየው ነው። ጫካውን ከመነጠሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ኋላ ዕድሜውን ሰጥቶ የጠበቀውም እሱ ነው።

ኩዌከርነት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተነሳ የክርስትና እንቅስቃሴ ነው። የዎልፍ ወገኖች በሚከተሉት ሥርዓት ቄስ የለም። ተሰብስበው በዝምታ ይቀመጣሉ፤ የሚናገረው የመጣለት ሰው ተነስቶ ይናገራል። በጋራ ጉዳይ ላይ ድምፅ አይሰጡም፤ ሁሉም እስኪስማማ ይወያያሉ። ጦር መሣሪያ ማንሳት ደግሞ ለእነሱ ኃጢአት ነው።

በ1948 አሜሪካ በሰላም ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ አወጀች። ዎልፍ ገና ወጣት ነበር። በአላባማዋ ፌርሆፕ ከሚኖሩ ሌሎች ሦስት ኩዌከሮች ጋር ሆኖ አልመዘገብም አለ። ሕጉ በእምነታቸው ምክንያት ለማይዋጉ ሰዎች መውጫ ነበረው፤ ግን መጀመሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። አራቱ ምዝገባውንም ቢሆን እንደ ጦርነት ትብብር ቆጠሩት። በ1949 የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደባቸው፤ ወደ አራት ወር ገደማ ታስረው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የፌርሆፕ ኩዌከሮች አገር መልቀቅን መከሩ። ግብራቸው ለጦር መሣሪያ መዋሉም ያንገበግባቸው ነበር። ኮስታ ሪካ በ1948 ሠራዊቷን በትናለች፤ በ1949 ሕገ መንግሥቷም ይህንኑ አጽንታለች። ከማኅበሩ አንዱ፣ ገበሬው ሁበርት ሜንደንሆል፣ አገሪቱን ሄዶ አይቷት ነበር። በ1950 መጨረሻ ላይ ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጉዞ ጀመሩ። ከፊሉ በአውሮፕላን፣ ከፊሉ ዕቃ ጭኖ በመኪና። በመኪና የሄዱት ወራት ፈጀባቸው። አንዳንዱን ቦታ መንገዱን ራሳቸው እየጠረጉ ነው ያለፉት። ዎልፍና ባለቤቱ ላኪ ገና አዲስ ሙሽሮች ነበሩ።

ብዙ ቦታ ዞረው፣ በ1951 በተራራው ላይ 1,400 ሄክታር ገደማ መሬት ገዙ። ቦታው ባዶ አልነበረም። የኮስታ ሪካ ገበሬዎች እያረሱ ይኖሩበት ስለነበር ይዞታቸውን ከእነሱም መግዛት አስፈልጓል። ወደ ላይ የሚወጣው በበሬ ጋሪ ወይም በፈረስ ነበር፤ በዝናብ ጊዜ ጭቃው አያሳልፍም። ወተት ከተራራ እስኪወርድ ይበላሻል። ስለዚህ ወተቱን ወደ ፎርማጆ መለወጥ ተመረጠ፤ ፎርማጆ መንገድ ይችላል። ፋብሪካው በ1953 ተመሠረተ። ለሰፋሪዎቹም ለአካባቢው ገበሬዎችም ለአሥርት ዓመታት ዋናው የገቢ ምንጭ እሱ ነበር።

ሰፋሪዎቹ ገና ከጅምሩ አንድ ትልቅ ውሳኔ ወስነዋል። መሬቱን ሲከፋፈሉ፣ የጓሲማል ወንዝ የሚመነጭበትን የላይኛውን ጫካ፣ 554 ሄክታር፣ ማንም እንዳይነካው በጋራ አስቀሩት። ያኔ ስለ ብርቅዬ እንስሳት ያሰበ የለም። የፈለጉት ለመጠጥና ለትንሿ የኤሌክትሪክ ተርባይናቸው የሚሆን ውሃ ነው። ስሌቱም ትክክል ነበር። ከካሪቢያን ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ደመና ሆኖ ዛፎቹ መሀል ያልፋል። ቅጠሉና በየቅርንጫፉ ላይ የበቀለው የዛፍ ሽበት ጉሙን ይይዝና ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ዝናብ ባይዘንብም መሬቱ ውሃ ያገኛል። ዛፉ ከተቆረጠ ይህ ውሃ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ክልል ውጪ ግን መመንጠሩ ቀጠለ። ዎልፍ ላም አርቢ ነበር፤ ለግጦሽ ሲል ዛፍ ጥሏል። የሞተር መጋዝም ለሌሎች ገበሬዎች ይሸጥ ነበር። ይህን ማለት እሱን ማሳነስ አይደለም። ልጆች የሚያሳድግ ገበሬ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጫካ የመነጠረ ሰው መሬት አለማ ነበር የሚባለው።

ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጆርጅ ፓውል የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ተመራማሪ ወፍ ለማጥናት መጣ። ጫካው በአዳኞችና በአዲስ ሰፋሪዎች ከየአቅጣጫው እየተበላ መሆኑን ሲያይ ደነገጠ፤ መሬቱን እየገዛ ለማትረፍ ተነሳ። ግን አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። ዎልፍ እያንዳንዱን ሸንተረር በእግሩ ያውቀዋል፤ ስፓኒሽ ይናገራል፤ ገበሬዎቹም ያምኑታል። ሁለቱ አብረው ሠሩ። በ1972 የሞንቴቬርዴ የደመና ደን ጥብቅ ስፍራ ተመሠረተ፤ አስተዳደሩንም የኮስታ ሪካው የትሮፒካል ሳይንስ ማዕከል ያዘው። ሰፋሪዎቹም ያን ለውሃ ብለው ያቆዩትን ጫካ በኪራይ ውል እንዲጠበቅ አስረከቡ።

ዎልፍ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሥራው ጫካ ውስጥ መዋል ሆነ። ገጀራ ይዞ ድንበር ይከልላል፤ ዱካ ይከፍታል፤ አዳኝ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ያነጋግራል። እኔ እንደማየው እስር ቤት ያስገባው እምነትና ይህ ሥራ አንድ ናቸው። መሣሪያ አልያዘም፤ የያዘው ትዕግሥትና ንግግር ነበር።

ጥበቃ ሁሉንም አላተረፈም። በዚያ ተረተር ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ወንዱ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነ ወርቃማ ጉርጥ ነበር። ሳይንስ በ1966 መዘገበው። በ1987 ከ1,500 በላይ ታይተው ነበር፤ በ1989 አንድ ብቻ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ዘሮችን የሚገድል ፈንገስንና የአየር ንብረት ለውጥን ይጠቅሳሉ። አጥር ለእነዚህ ምንም አያደርግም።

በሌላ በኩል፣ በ1987 የስዊድን የትምህርት ቤት ልጆች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የሌሎች አገሮች ልጆችም ተከተሏቸው። በዚህ ገንዘብ የተገዛው የልጆች ዘላለማዊ ደን ዛሬ ከ22,000 ሄክታር በላይ ነው። የፎርማጆ ፋብሪካው በ2013 ለሜክሲኮ ኩባንያ ተሸጧል። በ1951 የተከፈተው የኩዌከሮቹ ትምህርት ቤት ግን አሁንም ያስተምራል።

ዎልፍ በ2016 አረፈ። ሥራው ግን አላለቀም። ፓውል በኋላ ኬትሳል በተባለው ወፍ ላይ የሬዲዮ ምልክት አስሮ ሲከታተል፣ ወፉ ከመራቢያ ወቅት በኋላ ከጥብቅ ስፍራው ወጥቶ ወደ ፓሲፊክ በኩል ወዳለው ዝቅተኛ ቦታ እንደሚወርድ አገኘ። እዚያ ያለው ጫካ በእርሻና በግጦሽ ተቆራርጧል። ስለዚህ አሁን ድርጅቶችና ገበሬዎች በግል መሬቶች ላይ ዛፍ እየተከሉ፣ ከተራራው እስከ ኒኮያ ባሕረ ሰላጤ የሚደርስ የደን መተላለፊያ ለመዘርጋት እየሠሩ ነው።