እናት አባታችን ከ65 ዓመት በኋላ የካንሰር ምርመራ ያድርጉ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ስናመጣ ቀድመን ከምናስባቸው ነገሮች አንዱ «ሙሉ ምርመራ» ማስደረግ ነው። ሐኪሙ ማሞግራም (የጡት ራጅ)፣ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ሲል እሺ እንላለን። «በዚህ ዕድሜ አያስፈልጋቸውም» ሲልም እሺ እንላለን። ሁለቱም መልስ ትክክል የሚሆንበትም የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ መቀበሉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በየቤተሰቡ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ። የምጠቅሳቸው የዕድሜ ገደቦች የአሜሪካ የመከላከያ ጤና አገልግሎት ግብረ ኃይል ያወጣቸው ናቸው።

«ከ65 በኋላ የማህፀን በር ምርመራ የለም»

ለእናቶቻችን ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። መመሪያው 65 ላይ አቁሙ የሚለው እስከዚያ ድረስ በአግባቡ ስትመረመር ለቆየች ሴት ነው። ይኸውም ባለፉት 10 ዓመታት ሦስት ተከታታይ የፓፕ (ከማህፀን በር የተወሰዱ ሕዋሳትን የማየት) ወይም ሁለት ተከታታይ የኤች.ፒ.ቪ. (የማህፀን በር ካንሰር አምጪውን ቫይረስ የመፈለግ) ምርመራ አድርጋ ችግር ያልተገኘባት፣ የመጨረሻውም ምርመራ 5 ዓመት ያላለፈው መሆን አለበት። ዕድሜዋን ሙሉ ወሎ ኖራ በ67 ዓመቷ ቨርጂኒያ የገባች እናት ይህን ታሟላለች? ብዙዎቹ አንድም ጊዜ ተመርምረው አያውቁም። በአገር ቤት ጤና ጣቢያዎች የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ቀብቶ በዓይን በማየት የሚደረገው ምርመራ የታሰበው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ሴት ካረጠች በኋላ በዓይን መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዘዴው ለአረጋውያን እናቶች አይመችም።

የማህፀን በር ካንሰር ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያገኘው የልደት ቀን ነው፤ የአገር ቤቱ ታሪክ እዚያ የለም። «እናቴ ከዚህ በፊት ተመርምረው አያውቁም» ብሎ መናገር የእናንተ ድርሻ ነው። ማፈራቸው ካስቸገረ፣ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሴቷ ራሷ በክሊኒኩ ውስጥ ለብቻዋ ሆና ለኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ ናሙና መውሰድ የምትችልበት መንገድ ተፈቅዷል። ይህ መኖሩን ጠይቁ።

«ምርመራ ምን ይጎዳል? በየዓመቱ ይታዩ»

ልየታ ማለት ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው መፈተሽ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። በጥናቶች እንደታየው በጡትና በትልቁ አንጀት ካንሰር ልየታ ከ1,000 ተመርማሪዎች የአንዱን ሕይወት ለማትረፍ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ጉዳቱ ግን የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ኮሎኖስኮፒን እንውሰድ። በዋዜማው እህል አይቀመስም፤ አንጀት የሚያጥበውን ብዙ ፈሳሽ ጠጥተው ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ የ82 ዓመት አባት በዚያ ሌሊት ፈሳሽ አንሷቸው አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ዳሌ ቢሰበር ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። መድማትና የአንጀት መበሳትም አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል።

ከ45 እስከ 75 ዓመት የትልቁ አንጀት ምርመራ ይመከራል። ከ76 እስከ 85 ባለው ጊዜ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይወሰናል፤ በዚህ ዕድሜ ይበልጥ የሚጠቀሙት ደህና ጤና ያላቸውና ከዚህ በፊት ጨርሶ ያልተመረመሩት ናቸው። ከ85 በኋላ ይቁም ይላል መመሪያው። ቤት ውስጥ በሰገራ የሚደረግ ምርመራም አለ፤ ዝግጅትም ማደንዘዣም አይፈልግም። ሆኖም በሰገራው ውስጥ ደም ከተገኘ ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ ነው። ለዚያ ፈቃደኛ ካልሆኑ የመጀመሪያውን መጀመሩ ትርፉ ጭንቀት ነው።

«አርጅተዋል፣ ቢገኝስ ምን ሊደረግ?»

ይህም የዚያኑ ያህል ያሳዝነኛል። የልደት ቀን ብቻውን አይወስንም። በ77 ዓመታቸው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው የሚሄዱ፣ የቤቱን ሥራ የሚሠሩ እናት ገና ብዙ ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ። በ68 ዓመታቸው ልባቸው የደከመ፣ በኩላሊት እጥበት የሚኖሩ አባት ደግሞ ከልየታው የሚያተርፉት ጥቂት ነው። ማሞግራም ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ይመከራል፤ ከ75 በኋላ ግብረ ኃይሉ በቂ ማስረጃ የለም አለ እንጂ አልከለከለም። ሐኪሙን «እንደ እሳቸው ያለ ጤና ያለው ሰው 10 ዓመት ይኖራል ብለው ይገምታሉ?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል፤ ግን መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

«ፒ.ኤስ.ኤ. እኮ የደም ምርመራ ብቻ ነው»

ፒ.ኤስ.ኤ. የፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር ያለ እጢ) ካንሰርን ለመፈለግ በደም ውስጥ የሚለካ ነገር ነው። ደሙን መስጠቱ ቀላል ነው። የፒ.ኤስ.ኤ. መጠን ግን ፕሮስቴት በዕድሜ ሲያብጥም ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከፕሮስቴቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይከተላል፤ ካንሰርም ሊገኝ ይችላል። በሌላ ምክንያት በሞቱ ከ70 እስከ 79 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ በተደረገ የአስከሬን ምርመራ ከሦስቱ ከአንዱ በሚበልጡት ፕሮስቴት ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል፤ የገደላቸው እሱ አልነበረም። ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና ከሚወጣላቸው አምስት ወንዶች አንዱ ሽንቱን ለረጅም ጊዜ መቆጣጠር ይቸገራል። ስለዚህ ከ55 እስከ 69 ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መወሰን፣ ከ70 በኋላ ደግሞ ለልየታ ብሎ አለማድረግ ይመከራል።

«ኢንሹራንሱ ከከፈለ ያስፈልጋል ማለት ነው»

አይደለም። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የማሞግራምን ወጪ ያለ ዕድሜ ጣሪያ ይሸፍናል፤ ይህ በ90 ዓመት ይደረግ ማለት አይደለም።

«ምርመራ አይመከርም ተብሏልና ዝም እንበል»

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ካረጡ በኋላ የታየ ደም፣ ጡት ላይ የተገኘ እብጠት፣ ከሰገራ ጋር የወጣ ደም፣ ያለምክንያት መክሳት በ90 ዓመትም ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል። እናቶቻችን ደም አይተው ለወራት ይደብቃሉ፤ «ልጆቼን አላስቸግር» ብለው። ስለዚህ ለብቻቸው፣ ሴት ልጅ ወይም ምራት ሆና፣ በግልጽ ትጠይቃቸው።

«እሳቸው ይደነግጣሉ፤ እኛ እንወስን»

ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ሲናገር ልጅ ዞሮ «ደህና ነዎት አለ» ሲል ብዙዎቻችን አይተናል። ከፍቅር ነው። ነገር ግን ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ የሚያድሩት፣ መርፌውን የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ገንዘብና ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰዎች ስለ ገላቸው መወሰን አያቅታቸውም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ፤ ሴት አስተርጓሚ ካሻቸውም ያኔውኑ ተናገሩ።